መከራ እስኪመክረው አይጠበቅም

«ምከረው፥ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው የአባቶች ቃል በምድር ለሚሄድ ሰው መልካም ነው፤ ምክር የናቀ ሰው ቢወድቅ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ራሱ ነውና። ለአይሮፕላን አብራሪ ግን ይህ ቃል አይሠራም። እርሱን የሚመክረው መከራ ከኋላው የተቀመጡትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት የሆነውን እንመልከት። የኬ.ኤል.ኤም. ካፒቴን በጉም ውስጥ የመነሻ ፈቃድ ሳይቀበል አይሮፕላኑን ማስሮጥ ጀመረ። የበረራው መሐንዲስ፥ ሌላው አይሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ቢጠይቅ፥ ካፒቴኑ ያለ ማመንታት ወጥቷል አለ። አልወጣም ነበር፤ 583 ሰዎች አለቁ። ጉሙም የሬድዮውም መደራረብ ድርሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን ያች ጥያቄ ብትሰማ ኖሮ ጥፋቱን ለማስቀረት የመጨረሻዋ ዕድል ነበረች። ካፒቴኑም ሰነፍ አልነበረም፤ ሌሎችን አብራሪዎች የሚያስተምር ነበር እንጂ።

በ1989 ዓ.ም. ግን የዩናይትድ ድርጅት አይሮፕላን መቈጣጠሪያው ሁሉ በሰማይ ላይ በተበላሸበት ጊዜ፥ ካፒቴን አል ሄይንስ ከባልደረቦቹ ጋራ ተማከረ፤ በመንገደኛነት ተሳፍሮ የነበረውንም አስተማሪ አብራሪ አሠራው። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ድርጅቱ ከ1981 ጀምሮ ለአብራሪዎቹ ተማክሮ መሥራትን ያስተምር ነበርና።

ታዲያ «ጐበዝ ነው፥ ብዙ ሺህ ሰዓት በርሯል» እያሉ ትዕቢተኛውን የሚሸፍኑ አለቆች ምን ይባሉ? እስከ ዛሬ አለመውደቁ ዕድሉን ይመሰክራል እንጂ ትክክለኛነቱን አይመሰክርም። ደንብ ሲጣስ እያየ ዝም ያለ አለቃ የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

አለቃ ሊያደርግ የሚገባው ግልጽ ነው። ሥጋቱን የተናገረውን ረዳት ከቂም ይጠብቀው። ባልደረቦቹን የናቀውን ከበረራ አግዶ ያስተምረው፥ ይፈትነውም፤ ካልታረመ መሪውን ይቀበለው። ሳያውቅ ተሳስቶ ስሕተቱን የገለጠውን ግን አይቅጣው፤ ቢቀጣው ሌሎቹ መደበቅን ይማራሉና።

ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ከእናንተ አንዱ አዛዥ፥ አንዱ ረዳት ይሆናል። አዛዡ መስማትን፥ ረዳቱም መናገርን እንደ ግዴታው ይቍጠር። ለታናሽ ጆሮ መስጠት ማዕርግን አያጐድልም፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው።