መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ይከፈል

«ኢንሹራንሴ ሲቢዲ ይሸፍንልኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚኖረው ወገናችን ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች፣ ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ቀን እንቅልፍ እምቢ የሚላቸው አባቶች ከነዳጅ ማደያ እስከ ቫይታሚን መሸጫ በተደረደረው፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣውን ሲቢዲ በያዘው ጠርሙስ ላይ ተስፋቸውን ጥለዋል። ጠርሙሱ ርካሽ አይደለም። በየወሩ ከደመወዛችን የሚቆረጠው ገንዘብ ይህንን ካልከፈለ ምን ሊሠራልን ነው ብለው ቢጠይቁ የሚፈረድባቸው አይደሉም። አጭሩ መልስ አይሸፍንም የሚል ነው። ይህ ጋዜጣ ደግሞ አለመሸፈኑ ትክክል ነው ብሎ ያምናል። እንዲህ ስንል ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጥብቅና መቆማችን አይደለም፤ እነሱን የምንወቅስበት ጉዳይ ከታች ይመጣል።

ሜዲኬር ፓርት ዲም ሆነ ሜዲኬይድ፣ የግል ኢንሹራንስም ቢሆን፣ የመድኃኒት ሽፋኑ የሚነሣው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ መርምሮ ካጸደቀው ነው። ከካናቢስ ተክል ከሚወጣው ሲቢዲ ተሠርቶ በዚህ በር ያለፈ አንድ መድኃኒት ብቻ አለ፤ ስሙ ኤፒዲዮሌክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 የጸደቀው ሌኖክስ-ጋስቶ እና ድራቬ ለሚባሉ፣ በልጅነት ለሚጀምሩ ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ሲሆን፣ በ2020 ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ከሚባለው ሕመም ጋር ለሚመጣው መንቀጥቀጥም ተፈቅዷል። ለጉልበት፣ ለእንቅልፍ ወይም ለጭንቀት የጸደቀ የሲቢዲ ምርት የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ካልጸደቀ እንዴት በአደባባይ ይሸጣል? በ2018 መጨረሻ የወጣው የእርሻ ሕግ፣ አስካሪው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ከ0.3 በመቶ የማይበልጥበትን ሄምፕ ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣው። ሕጉ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ መድኃኒት አላደረገውም። ኤፍዲኤም በጃንዋሪ 2023 አሁን ያሉት የምግብና የተጨማሪ ምግብ ደንቦቼ ለሲቢዲ አይበቁም ብሎ ጉዳዩን ወደ ኮንግረስ መለሰው። በመካከል ገበያው ያለ ጠባቂ ሮጠ።

እስቲ ጠርሙሱን እንየው። በብዛት የሚሸጠው 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ላዩ ላይ 1,000 ሚሊ ግራም የሚል የተጻፈበት ነው። አንድ መምጠጫ ሙሉ ከተወሰደ 33 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። የኤፒዲዮሌክስ የተለመደ መጠን ደግሞ፣ ሐኪሙ ከትንሹ ጀምሮ ቀስ እያለ ካሳደገው በኋላ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 10 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 200 ሚሊ ግራም ይወስዳል ማለት ነው፤ የሱቁ ጠርሙስ ለእሱ አምስት ቀን ቢበቃ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ በዚሁ ስሌት ቢሰጥ ጠርሙሱ ሁለተኛውን ቀን አይጨርስም። የተጠናውና የሚሸጠው ይህን ያህል ይራራቃሉ። «ሲቢዲ እንደሚሠራ ተረጋግጧል» የሚለን ሻጭ በተበደረው ስም እየነገደ ነው፤ የተረጋገጠው ሌላ መጠን፣ ሌላ በሽታ፣ ሌላ ምርት ነው።

ያም ቢሆን በላዩ የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ ነው። በ2017 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ከኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶችን በላቦራቶሪ አስመርምሮ ነበር። ከተጻፈው ጋር የተስማማው 31 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 43 በመቶ ያህሉ ከተጻፈው በላይ፣ 26 በመቶ ያህሉ ከተጻፈው በታች ይዘው ተገኙ። 18ቱ ቲኤችሲ ነበረባቸው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለእኛ ማኅበረሰብ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ሾፌሮቻችን ብዙ ናቸው። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ በፌብሩዋሪ 2020 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በሽንት ምርመራ ማሪዋና የተገኘበት ሾፌር «የወሰድኩት ሲቢዲ ነው» ቢል ምክንያቱ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ አስታውቋል። ቲኤችሲ የለበትም የሚለውን ጽሑፍ አምኖ የገዛ ሰው የሾፌርነት ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ሻጩ ግን የጠርሙሱን ዋጋ እንኳ አይመልስለትም። የልብና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሚወስዱ ወላጆቻችንም ሲቢዲ እንደ ጤና አዳም የሚታይ አይደለም። ዋርፋሪን ከተባለው የደም ማቅጠኛ ጋር ይጋጫል፤ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ፋርማሲስቱን ሳይጠይቁ መጀመር የለባቸውም፤ ልጆቻቸውም ገዝተው ከመላካቸው በፊት ይህንን ሊያውቁ ይገባል።

በዚህ መካከል በዲሴምበር 2025 ከዋይት ሐውስ አዲስ ነገር ተሰማ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማሪዋናን በሚመለከት ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ የሜዲኬር ኃላፊ መህመት ኦዝ በሙከራ መርሐ ግብር የታቀፉ አረጋውያን ሐኪማቸው ካዘዘላቸው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ሲቢዲ ያለ ክፍያ ሊያገኙ እንደሚችሉ ተናገሩ። በርካታ አንባቢ ይህንን «ሜዲኬር ሲቢዲ መክፈል ጀመረ» ብሎ ወስዶታል። አልጀመረም። ዕድሉ በተመረጡ የሙከራ ፕሮግራሞች ውስጥ ላሉ ሰዎች ብቻ ነው፤ ካርድ ይዞ ሱቅ ለሚሄድ ሰው የሚሠራ አይደለም። የእኛ ቅሬታ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለጉልበት ሕመም የሚበቃው መጠን ስንት እንደሆነ ያልተረጋገጠለት ምርት በሕዝብ ገንዘብ ከመታደሉ በፊት ጥናቱ መቅደም ነበረበት። ሙከራው ውጤቱን መዝግቦ ለሕዝብ ካሳወቀ ጥቅም ይኖረዋል፤ ካላሳወቀ ለሻጮች ነፃ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ኢንሹራንሶቹ እንምጣ። የተጠናው መድኃኒት ላይም ቢሆን እጃቸው ይከብዳል። ኤፒዲዮሌክስ ገበያ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ያለ ቅድመ ፈቃድ አይለቁትም። ቅድመ ፈቃድ ማለት ሐኪሙ ሌሎች መድኃኒቶች መሞከራቸውን፣ አለመሥራታቸውንም በወረቀት ማስረዳት፣ ወረቀቱ መመለሱ፣ እንደገና መላኩ፣ ወላጁ በስልክ ሙዚቃ እየሰማ መጠበቁ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን የያዘች እናት ይህን ሁሉ ሳምንት የምትጠብቅበት ምክንያት የለም። ምርመራው በሐኪም ከተረጋገጠና መድኃኒቱ ለዚያው በሽታ ከጸደቀ ፈቃዱ በቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል፤ በየዓመቱም ከዜሮ መጀመር የለበትም።

እምቢ የተባለ ቤተሰብ ደብዳቤውን ቀዶ አይጣል። ይግባኝ መጠየቅ መብት ነው። ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ብሎ ሐኪሙ ከመሰከረ በአብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ዘንድ መልሱ በ72 ሰዓት ውስጥ መምጣት አለበት። ኩባንያው በእምቢታው ከጸና ደግሞ ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው ለመጠየቅ አራት ወር ጊዜ አለ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ በነፃ ይጠየቃል፤ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም። በቅድመ ታክስ የሚጠራቀመውን የጤና ሂሳብ በሲቢዲ ላይ ለማዋል የሚያስቡም ይጠንቀቁ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ምግቦችን እንደ ሕክምና ወጪ የሚቀበለው ሐኪም ለታወቀ በሽታ ሲያዝ ነው፤ ለጠቅላላ ጤንነት ብሎ መግዛት አይቆጠርም።

ኮንግረስ በኖቬምበር 2025 ባወጣው ሕግ የሄምፕን ትርጉም አጥብቧል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ እንዲውል በተባለው በዚህ ሕግ አንድ ዕቃ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ቲኤችሲ ከ0.4 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቲኤችሲውን መገደቡ መልካም ነው፤ ግን 1,000 ሚሊ ግራም የተባለው ሲቢዲ በእርግጥ ጠርሙሱ ውስጥ መኖሩን ማን ያረጋግጣል? የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ተወካዮቻቸውን ሊጠይቁ የሚገባቸው ይህንን ነው፦ እያንዳንዱ ምርት በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይመርመር፣ ውጤቱ በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፣ ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭ መሆኑም በጉልህ ይነገር። የዲሲ ነዋሪ በምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ እንኳ የለውም፤ ለእሱም ጎረቤቱ ይናገርለት።

ይህ ጋዜጣም በበኩሉ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ሲቢዲ በሽታ ይፈውሳል ወይም «ኢንሹራንስ እንቀበላለን» የሚል ማስታወቂያ አያትምም። የላቦራቶሪ ውጤቱን ከማስታወቂያው ጋር ለሚያቀርብ ነጋዴ በራችን ክፍት ነው።