በራሱ እጅ መብላትና ብቻውን መብላት፦ የሕፃናት ተጨማሪ ምግብ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ

ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው የጡት ወተት ብቻውን እንደማይበቃውና ተጨማሪ ምግብ መጀመር እንዳለበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ምን ይብላ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይብላ፣ ገንፎው ምን ያህል ይወፍር ለሚሉት ጥያቄዎችም መልስ ተዘጋጅቷል፤ ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ቀጭን ሙቅ ሆድ ከመሙላት አልፎ እንደማያሳድግ ብዙ እናቶች ያውቃሉ። ሳይጠየቅ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ምግቡን ወደ ሕፃኑ አፍ የሚያደርሰው የማን እጅ ነው? በዚያ ሰዓትስ ከሕፃኑ አጠገብ ማን ተቀምጧል?

የመጀመሪያው ጥያቄ በውጭው ዓለም ብዙ ሲያከራክር ቆይቷል። ብሪታኒያዊቷ አዋላጅና የጤና ባለሙያ ጊል ራፕሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ከትሬሲ ሙርኬት ጋር ባሳተመችው መጽሐፍ ያስፋፋችው ሐሳብ፣ ሕፃኑ መቀመጥ ሲችል የላመ ምግብ በማንኪያ ከማጉረስ ይልቅ ለስላሳና በእጅ ለመያዝ የሚመች ቁራሽ ይቅረብለት፣ ራሱ አንሥቶ ይብላ፣ ሲበቃውም ይተው የሚል ነው። ይኸው ሐሳብ በስልክ ላይ በሚታዩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች በኩል ለማንም ቅርብ ሆኗል፤ የጎንደር ከተማ ወጣት እናቶችም ስለ እርሱ መጠየቃቸው አይቀርም። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የባለሙያው መልስ ግን «የፈረንጅ ነገር ነው» ወይም «ዘመናዊው መንገድ ይህ ነው» ከሚሉት ሁለት አቋራጮች መራቅ ይኖርበታል።

እስካሁን ያለው ማስረጃ ልከኛ ነው። በኒው ዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 206 እናቶችን ከነልጆቻቸው በዕጣ በሁለት መድበው ያካሄዱት ብሊስ የተባለው ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በራሳቸው እጅ እንዲበሉ የተመደቡት ሕፃናት በሰውነት ክብደታቸው ከሌሎቹ አልተለዩም፤ ምግብ በመምረጥ ግን ያስቸገሩት ያነሰ ነበር። እናቶችን ይበልጥ የሚያስፈራው የመታነቅ ጉዳይም በዚያው ጥናት ተመርምሯል። ከሕፃናቱ 35 በመቶው ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታንቀዋል፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህን ውጤት ወደ ሰሜን ጎንደር ይዞ የሚመጣ ሰው አብሮ ሊያመጣው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ጥናት በራሳቸው እጅ እንዲበሉ የተመደቡት ሕፃናት ወላጆች የትኛው ምግብ እንደሚያንቅ አስቀድመው ተነግሯቸዋል፤ በየማዕዱ ብረት የበዛበት ምግብ እንዲያቀርቡ፣ ሕፃኑ በሚበላበት ጊዜም አዋቂ ከአጠገቡ እንዳይለይ ተመክረዋል። የተፈተነው የሕፃኑ እጅ ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ጥናት ብዙ ዓመታት ቀድሞ ዶክተር ክላራ ዴቪስ ያካሄደችው ሥራም ይህንኑ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ጡት የተዉ ሕፃናትን በመቀበል፣ በድምሩ 15 ልጆች ከቀረቡላቸው 34 ያህል ምግቦች የፈለጉትን እየመረጡ እንዲበሉ አድርጋለች። ልጆቹ በጤና አደጉ። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «ሕፃን የሚያስፈልገውን ያውቃል» ለሚለው ክርክር ነው። ዴቪስ ራሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣችው ጽሑፍ ምስጢሩ ያለው በምግቦቹ ዝርዝር ውስጥ መሆኑን አልሸሸገችም፤ ከተዘረዘሩት መካከል የማይረባ ምግብ አልነበረም። ሌላም ብዙ ያልተወራለት ነገር አለ። በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ አንዲት ነርስ ማንኪያ ይዛ በዝምታ ትቀመጥ ነበር፤ ሕፃኑ እጁን ወደ አንዱ ምግብ ሳይዘረጋ ምንም አታቀርብለትም። ነፃነት የተባለው ሁሉ የሆነው በዚያች ነርስ ዓይን ሥር ነው።

ይህ ነርስ ወይም ይህ አዋቂ በሰሜን ጎንደር ደጋ ማን ነው? በዳባት፣ በደባርቅ ወይም በጃናሞራ ገጠር የምትኖር እናት ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እህል ትፈጫለች ወይም ታስፈጫለች፣ በአጨዳ ወራትም ከማሳ ውላ ትመለሳለች። ሕፃኑ ወይ በጀርባዋ ታዝሏል፣ ወይም ከስምንት ዓመት ታላቅ እኅቱ ጋር ቤት ቀርቷል። እኅትየዋ ምን ታድርግ? ሲያለቅስ ቂጣ ቆርሳ ታስይዘዋለች። ሕፃኑም መደቡ ላይ ወይም አጎዛው ላይ ተቀምጦ ቂጣውን ይመጠምጣል፣ ይጥላል፣ ያነሣል፣ እንደገና ወደ አፉ ይመልሳል። በራሱ እጅ መብላት ለደጋው አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚነሣ ባለሙያ ይህን ሕፃን አላየውም ማለት ነው። ሕፃኑ በራሱ እጅ ሲበላ ኖሯል፤ የጎደለው በእጁ የያዘው ምግብ ጥራትና ከፊቱ የተቀመጠ አዋቂ ነው። በራሱ እጅ መብላትና ብቻውን መብላት በቃል ቢቀራረቡም በሥራ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ የውጭውን ዘዴ እንዳለ መገልበጥ አደጋ የሚሆነውም ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስም ይዞ ሊገባ ስለሚችል ነው። ጊዜ ያጣች እናት «ሳይንሱም በራሱ ይብላ ይላል» ከተባለች የሚቀርላት ሥራ እንጂ የሚጨመርላት ጊዜ የለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ መጋት አለ። ሕፃንን ጭን ላይ አጋድሞ፣ መዳፍን አፉ ሥር አድርጎ፣ እያለቀሰም ቢሆን ሙቁን ማንቆርቆር በሀገሩ የቆየ ልማድ ነው። የሚያደርጉት እናቶችና አያቶች ከጭካኔ አይደለም የሚያደርጉት፤ ልጁ ሳይበላ እንዳያድር ነው። ሆኖም የሚጋት ሕፃን ምግብን ከትንታና ከለቅሶ ጋር አያይዞ ይማራል፤ ጠግቤያለሁ የሚልበት ምልክትም ሰሚ ያጣል። ጉርሻም ቢሆን ከዚህ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚል ማኅበረሰብ የእንግዳን እምቢታ እንኳ በቀላሉ አይቀበልም፤ የስምንት ወር ሕፃን አፉን ሲያዞር እንዴት ይቀበለው? የራፕሊ ሐሳብ ለደጋው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ከቁራሹና ከወንበሩ ይልቅ ሕፃኑ እምቢ ማለት እንደሚችል በማመኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ምላሽ ሰጪ አመጋገብ ብሎ የሚመክረውም ከዚህ ይቀራረባል፤ የሕፃኑን ምልክት እያዩ፣ እያናገሩት፣ ሳያስገድዱ፣ ራሱም እንዲሞክር እያበረታቱ መመገብ ነው።

«ድሃ ቤት ውስጥ እምቢታ ቅንጦት ነው፤ የወደቀውን የሚተካ ምግብ የለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የሀገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በሀገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በስብጥርም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ በደረሰ ጊዜ ስለ ሕፃን ምርጫ ማውራት ፌዝ በሆነ ነበር። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል፤ ገና በመዳፉ እንጂ በጣቶቹ መያዝ ያልቻለ ልጅ ይህን ሁሉ በራሱ እጅ ያገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ቅይጡ መንገድ ነው፤ ወፍራሙ ገንፎ በአዋቂ እጅ ይቀጥል፣ ከዚያው ማዕድ ላይ አንድ ቁራሽ በሕፃኑ እጅ ይሁን።

ቁራሹ ምን ይሁን ለሚለው የደጋው ጓዳ ባዶ አይደለም። እንጀራ ለስላሳ ነው፣ ድድ ብቻ ላለው አፍም ይመቻል፤ መቡካቱም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሽሮ ወይም የክክ ወጥ ያልነካው እንጀራ ከቂጣው ብዙም አይሻልም። የደባርቅ ድንች ተቀቅሎ ርዝመቱን ሲቆረጥ ለሕፃን መዳፍ የተሠራ ይመስላል። ባቄላና አተር በደጋው ቢበዙም ሳይላጡና ሳይላሙ ለሕፃን አይሰጡም፤ እዚህ ላይ ከፍታው ራሱ ጣልቃ ይገባል። ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደባርቅ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በቆላ ቶሎ የሚበስል ጥራጥሬ እዚያ ረጅም ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃል። «በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ እስኪሆን ቀቅሉ» የሚል ምክር በደጋው የኩበትና የእንጨት ዋጋ አለው፤ ምክሩን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዋጋ ሲያሰሉ አይታዩም። ቆሎ ግን በምንም መንገድ ለሕፃን እጅ አይገባም። ደረቅ፣ ጠንካራና ድቡልቡል ነው፤ ትንታ ሕፃኑ ስሎ የሚያወጣው ነገር ሲሆን መታነቅ ግን ድምፅ የለውም፤ ከበየዳ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ደግሞ እስትንፋስ ላጠረው ልጅ እጅግ ረጅም ነው። ችግሩ ቆሎ በደጋው ቤት ሁልጊዜ የማይጠፋና ታናናሾችን የሚጠብቁት ልጆች ራሳቸው የሚቆረጥሙት መሆኑ ነው።

የእንቁላል ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ዶሮ ያላት እናት ብዙ ጊዜ እንቁላሉን ለጨውና ለዘይት መግዣ ወደ ገበያ ትወስደዋለች፤ በዓመት 180 ገደማ በሚሆኑት የጾም ቀናት ደግሞ እንቁላሉ ቤት ቢቀርም አይነካም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅን አታስጾምም። እንቅፋቱ ድስቱና ጭልፋው ነው፤ ለሕፃኑ በተሠራው ምግብ የአዋቂዎቹ የጾም ዕቃ እንዳይነካካ ይፈራል። ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ርዝመቱን ተቆርጦ በሕፃኑ ሳህን የሚቀርብ እንቁላል ግን ወጥ ድስት ውስጥ አይገባም፣ ጭልፋም አይነካም፣ የእናቲቱንም ጣት ከልጣጩ በቀር ብዙ አያስቸግርም። በሕፃኑ እጅ መብላት ከገንፎው የሚቀልበት ቦታ ካለ ይህ ነው።

ስለ ንጽሕና ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ነገሩ ግልጽ ነው፣ መፍትሔው ግን አይደለም። የሕፃኑ እጅ መሬቱን ነክቶ ነው ወደ አፉ የሚሄደው። ሄዲና ሂርቮነን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የኢትዮጵያ ገጠር ጥናት ዶሮ ማርባት ከተሻለ የሕፃናት ቁመት ጋር ሲያያዝ፣ ዶሮን ቤት ውስጥ ማሳደር ግን ከተቃራኒው ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በደጋው ብርድ ዶሮን ውጭ አሳድሩ ማለት ከሌሊት አውሬና ከውርጭ ጋር መደራደርን ይጠይቃል። የእናትን እጅ ብቻ የሚያሳጥብ ትምህርት ግን ለራሱ በሚበላ ሕፃን ላይ ግማሽ ትምህርት ነው፤ የሚታጠቡት እጆች አራት መሆናቸው ሊነገር ይገባል።

ይህ ሁሉ ተነግሮ፣ የትኛው ሕፃን በማን እጅና በማን ፊት እንደሚበላ በጎንደርና በዙሪያዋ የሚያሳይ መረጃ የሚገኝበት መንገድ አልተጠረገም። ለዚህ ተጠያቂው መለኪያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጧቸው 17 የሕፃናት አመጋገብ አመልካቾች መካከል ስለ ምላሽ ሰጪ አመጋገብ የሚጠይቅ አንድም የለም። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ትናንቱ ምግብና ስለ ድግግሞሹ ነው። በመሆኑም የድኅረ ምረቃ ተማሪ መጠይቁን ይዞ ይወጣል፣ ከስምንት የምግብ ምድቦች አምስቱን ያገኙትን ይቆጥራል፣ የእናትን ትምህርትና የቤተሰብን ገቢ ያዛምዳል፤ የወረዳው ስም ተለውጦ በሚቀጥለው ዓመት ያው ሥራ ይደገማል። ቆጠራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ነገር ግን በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒተሪ ባለሙያዎችን በቡድን እያደረገ ወደ ሰዉ ቤት ለመላክ በተመሠረተ ተቋም ውስጥ፣ ቤት ገብቶ ሕፃን ሲበላ ማየት ከመጠይቅ በታች ሊቆጠር አይገባውም ነበር።

ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በሚይዙት መጠይቅ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩ፤ ትናንት ሕፃኑ ሲበላ ምግቡን ወደ አፉ ያደረሰው ማን ነበር? ከአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ስንት ዓመቱ ነው? ሕፃኑ አፉን ሲያዞር ምን ተደረገ? ሦስተኛው በቃል ብቻ እውነተኛ መልስ አያገኝም፤ በእንግዳ ፊት ልጇን እንደምትግት የምትናገር እናት ጥቂት ናት። ስለዚህ ከተጠየቁት ቤቶች በጥቂቶቹ፣ አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ጊዜ በኅዳር አጨዳ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ገብቶ እስከ ማታ እራት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ጠባቂዋ እኅት ከትምህርት ቤት የምትቀርባቸው ቀናትም ከሌሎቹ ተለይተው መመዝገብ አለባቸው።