ለምጡም ለኦፕሬሽኑም እኩል ሲከፈል



ሚኒያፖሊስ በነርስነት ስሠራ ከእህቶች ደጋግሜ የምሰማው ምክር አለ፦ «እዚህ አገር ለገንዘብ ሲሉ ነው ሆድሽን የሚቀዱት፤ ምጡ እስኪጠና ቤትሽ ቆዪ»። ይህ ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

እውነቱን ላስቀድም። ሚኒሶታ በኦክቶበር 2009 የሜዲኬድ አከፋፈሏን ቀየረች። ችግር ለሌለበት ወሊድ፣ በምጥም ሆነ በኦፕሬሽን፣ አንድ ዓይነት ክፍያ ተወሰነ። በ2018 የታተመ ጥናት ከሌሎች ስቴቶች ጋር ሲያነጻጽር፣ የኦፕሬሽን ወሊድ ከ3 በመቶ ነጥብ በላይ ቀንሷል፤ በእናቶች ጤና ላይም ጉዳት አልታየም። የሴቶቹ ማህፀን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሒሳቡ ነው። ስለዚህ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ ሐቃችን ነው።

ግን ከዚህ ተነስተን ኦፕሬሽንን ሁሉ እንጥላ? በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕሬሽን የወለዱት 2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ብዙ የገጠር እናት የምትሞተው ኦፕሬሽን በዝቶባት ሳይሆን ስለማታገኘው ነው።

አንድ ሌሊት አንዲት እህት በጣም ዘግይታ መጣች። የልጁ የልብ ምት ወርዶ ነበር፤ ሩጫ ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ተረፉ። በማግስቱ «የዘገየሁት ቢላውን ፈርቼ ነው» አለችኝ። እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

እህቶቼ፣ ከሆስፒታል መሸሽ ተወኩል አይደለም፤ ሰበቡን ማድረስ ነው ተወኩል። በጊዜ ሂዱ፣ ግን ጠይቁ፦ ለምን አስፈለገ? ብንጠብቅ ምን ይሆናል? ሌላ ምርጫ አለ? አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ ባል ወይም ልጅ አያስተርጉም። በምጥ ጊዜ አጠገባችሁ የምትሆን ደጋፊም አለች፤ እዚህ «ዱላ» ይሏታል፣ ስሙ አያስደንግጣችሁ! በሚኒሶታ ከ2014 ጀምሮ ሜዲኬድ ይከፍልላታል።

ሕጉ ገንዘቡን አስተካክሏል። ፍርሃታችንን የምናስተካክለው ግን እኛው ነን። አላህ ለነፍሰ ጡሮቻችን ምጡን ያግራላቸው፣ አሚን።