ዳኛውም ባለጉዳዩም አንድ ሲሆኑ

የሥልጣን ክፍፍል ሲነሣ ብዙዎቻችን ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ ብለን ቆጥረን እንረካለን። እኔ ግን ከደብረ ማርቆስ ሆኜ እጠይቃለሁ፦ ሦስቱ ሲጋጩ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማን ነው?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣንን ለፍርድ ቤቶች ይሰጣል። አንቀጽ 62 እና 83 ደግሞ ትልቁን ዳኝነት፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያስረክባሉ። 11 አባላት ያሉትን የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚመሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ትርጓሜ ያሻዋል ባለው ጉዳይ ግን ጉባኤው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ነው።

ውጤቱን በ2012 ዓ.ም. አየነው። ኮሮና ምርጫውን ሲያስተጓጉል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ራሱ የሥልጣን ዘመን ጥያቄ አቀረበ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ባሳለፈው ውሳኔ የጠያቂውን፣ የራሱንና አባላቱን የመረጡትን የክልል ምክር ቤቶች ዘመን በአንድነት አራዘመ። ወረርሽኙ እውነተኛ ነበር፤ ምርጫውን ማዘግየትም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በገዛ ጉዳዩ የሚፈርድ ዳኛ ትክክል ቢፈርድ እንኳ ማን ያምነዋል?

የሥርዓቱ ጠበቆች «ሕገ መንግሥቱ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚውም ወኪላቸው ይሁን» ይላሉ። ቃል ኪዳኑን ማሻሻል የባለቤቶቹ መብት ነው፤ ስለ አፈጻጸሙ ክርክር ሲነሣ ግን ከተከራካሪዎቹ ውጭ የሆነ ዳኛ ያስፈልጋል።

ጎጃም ይህን በደም ተምሯል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ፓርላማ ነበረ፤ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የቆሙ ፍርድ ቤቶችም ነበሩ። የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ግን አዋጁን ያወጀውን ዙፋን ከዚያው ዙፋን በቀር ለማን ይከሰው? አቤቱታው አላዋጣ ሲለው ጠመንጃውን አነሣ፤ መንግሥትም ጦር አዘመተበት።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በሥልጣን ላይ ያሉ ፕሬዚዳንት ያሸነፉበትን ምርጫ ሲሽር አልፈረሰችም። እኛም በአንቀጽ 104 እና 105 መንገድ ራሱን የቻለ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ማቋቋም እንችላለን። ያገራችን ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲሉት የሚቆመው ሕጉ ከሁለቱም ጠበኞች በላይ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ይህን እምነት ከገበሬው የሚጠይቅ መንግሥት አስቀድሞ ራሱ ይቁም።