ጡረታውና ጉዞው፦ ሁለቱን ለየብቻ እንቁጠር

 

በብዙዎቻችን ቤት ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «ኢንሻአላህ ጡረታ ስወጣ ሐጅ አደርጋለሁ» የሚል። ደመወዝተኛው እንዲህ ሲል፣ ነጋዴው ደግሞ «ልጆቹን ልዳርና» ይላል። ገበሬው «የዘንድሮው ቡና ይግባልኝ» ይላል። እናት «ትንሿ ልጅ ትመረቅ» ትላለች። ንግግሩ ክፋት የለውም፤ ከልብ የመነጨ ኒያ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ጡረታና ጉዞ የግድ አንድ ቀን መዋል አለባቸውን?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው፣ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተው ባሕር ለባሕር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። እነሱም ዘወትር የሚከራከሩት በዚሁ ነው። ዛሬ በትንሿ ጀልባ ልሂድ? ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ ከአሥር ዓመት በኋላ በትልቋ? ገንዘቡ ሲሞላ ጉልበቱ ይጎድላል፤ ጉልበቱ ሳለ ገንዘቡ አይሞላም። የእነሱ ጉዞ ለመዝናናት ነው፤ የእኛ ዒባዳ ነው። ጭንቀቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ደግሞም የጅማ ሰው በዘመኑ ጀልባ ተሳፍሯል።

አያቶቻችን ጀልባ ሲሳፈሩ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የጊቤ አገር ሰው ወደ መካ የሚሄደው የሲራራ ነጋዴውን መንገድ ተከትሎ ነበር። ከሊሙ እናርያ የሰቃ ገበያ ተነስቶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ በጎጃምና በጎንደር በኩል አድርጎ ምጽዋ ይወርዳል። ከምጽዋ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጂዳ ይገባል። መሄድና መመለሱ ወራትን የሚፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የየብሱ መንገድ ቀለል አለ። ከጅቡቲ ወደብ ግን አሁንም በመርከብ ነው። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን የገዙት አባ ጅፋር 2ኛ ለጅማ ሑጃጆች በመካ ማረፊያ ቤት እንዳዘጋጁ በታሪክ ይነገራል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ያን መንገድ በበቅሎና በእግር የሚጀምር ሰው «ሳረጅ እሄዳለሁ» ቢል አይሆንለትም ነበር። ጉልበቱ ሳለ ነበር መነሳት የነበረበት። ዛሬ አውሮፕላኑ በሰዓታት ስለሚያደርሰን፣ ጉልበት የማያስፈልግ መስሎ ታየን። አውሮፕላኑ ግን ጂዳ ድረስ ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ የቀረው አሁንም በእግር ነው።

ግዴታው የሚጀምረው መቼ ነው?

በሸሪዓችን ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ዕድሜ 60 ሲሞላ አይደለም፤ አቅም ሲገኝ ነው። አቅም ማለት ስንቅና መጓጓዣ፣ እስኪመለስ ድረስ የቤተሰብ ቀለብ፣ የሰውነት ጤንነትና የመንገድ ሰላም ነው። የደረሰ ዕዳ ይቀድማል። የሚኖርበትን ቤት ሸጦ እንዲሄድ ደግሞ ማንም አልታዘዘም።

አቅሙ ከተገኘ በኋላ ማዘግየት ይቻላልን? ብዙዎቹ ዑለማእ ወዲያው መፈጸም አለበት ይላሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ለመፈጸም ቁርጥ ሐሳብ እስካለ፣ ያመልጠኛል የሚል ሥጋት እስካልመጣ ድረስ ማዘግየት ይፈቀዳል። በየትኛውም ቢኬድ ግን ዕድሜው የገፋ ሰው «ያመልጠኛል» የሚለው ሥጋት ወደ እሱ እየቀረበ ነው።

ሌላም የሚያዘገይ ሐሳብ አለ። አንዳንዱ ሐጅን የሕይወት መዝጊያ አድርጎ ያየዋል። «ሐጂ ከተባልኩ በኋላ ሱቅ ቁጭ ብዬ ልነግድ ነው ወይ?» ይላል። ምን ክፋት አለው? ከሐጅ ተመልሶ ሚዛኑን የሚያስተካክል ነጋዴ፣ ተማሪውን በትዕግሥት የሚያስተምር መምህር፣ ለሰፈሩም ለልጆቹም የሚተርፈው እሱ ነው።

የደመወዝተኛው ሒሳብ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በጅማ ከተማ በቦሳ ኪቶ የሚኖሩ አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት 55 ዓመት የሆናቸው የመንግሥት መምህር ናቸው፤ 25 ዓመት አገልግለዋል። እናት በመርካቶ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ። አጎት በጎማ ወረዳ ቡና አላቸው። ሁሉም «ጡረታ ሲደርስ» ይላሉ።

በአገራችን መደበኛው የመጦሪያ ዕድሜ 60 ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ቀመር፣ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው አበሉ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት ያገለገለም ከ5 ዓመት ቀደም ብሎ በፈቃዱ መጦር ይችል ነበር። በዚህ ቀመር መምህሩ በ55 ቢወጡ 48.75 በመቶ፣ በ60 ቢወጡ 55 በመቶ ያገኛሉ። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ስለተተካ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሒሳብ ከጡረታ ጽሕፈት ቤት አስልቶ ቢወስድ መልካም ነው።

የስሌቱ ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ቀድሞ መጦር እስከ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ቅናሽ አለው። ሐጅ ግን የሳምንታት ጉዞ ነው። ለሳምንታት ጉዞ ሲባል የዕድሜ ልክ አበልን መቀነስ ለምን ያስፈልጋል? የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ካለ፣ ቀደም ብሎ መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ ሄዶ መመለስ ይቻላል። መምህራን በተለይ አንድ ነገር ይወቁ። በ2011 ዓ.ም. ዒደል አድሓ የዋለው በነሐሴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የጨረቃው አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ሐጅ ከክረምቱ ዕረፍት ወጥቷል፤ ተመልሶ የሚገናኘው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ስለሆነም «ክረምቱን ጠብቄ» የሚባል ነገር የለም።

የቡና ገበሬው ሒሳብ

የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ አለው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ታቅፏል። ገበሬውና ነጋዴው ግን ጡረታቸው በእጃቸው ያለው ነው። ለቡና ገበሬ ጡረታው ቡናው ነው። አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል። ያረጀው ቡና ሲጎነደልም መልሶ እስኪያፈራ ዓመታት ያስጠብቃል። ስለዚህ በ60 ዓመቱ ከከባድ ሥራ ማረፍ የሚፈልግ ሰው በ55 መትከልና ማደስ አለበት። ሁሉንም በአንድ ዓመት ከጎነደለው የቤቱ ገቢ ይቋረጣል፤ በየዓመቱ ከፋፍሎ ቢያድሰው ግን ጉዞውም ቀለቡም አይቆምም።

የጉዞው ወቅትም ለቡና ቤት የራሱ ሒሳብ አለው። በጅማ ዙሪያ ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በ2018 ዓ.ም. የሐጅ ጊዜ በግንቦት ላይ ነው፤ በ2022 ሚያዝያ ይገባል፤ በ2025 የካቲት መጨረሻና መጋቢት ይደርሳል። ይህ ለገበሬው ጥሩ ዘመን ነው፤ ቡናው ተሽጦ ገንዘቡ ሳይበተን ጉዞው ይደርሳል። ከ2031 ገደማ ጀምሮ ግን ሐጅ ታኅሣሥና ኅዳር ውስጥ ይገባል፤ ለቀማው መሐል ማለት ነው። ያኔ ቡናውን የሚለቅም፣ ለቃሚውን የሚቆጣጠር ልጅ ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል። «ሥራ ሲቀንስ እሄዳለሁ» ለሚል ገበሬ እነዚህ የሚቀጥሉት ዓመታት እንዳያመልጡት።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

ብዙ ሰው ለሐጅ የሚያጠራቅመው በዕቁብ ወይም በሣጥን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሳዑዲ ሪያል ደግሞ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። በብር ለዓመታት ያጠራቀመ ሰው፣ መንገዱ በአንድ ክረምት ራቀበት። ከዚህ የምንማረው ረጅም ዓመት የተኛ ብር ጉዞውን እንደማያቀርበው ነው። ዒላማውን አጭር ማድረግ፣ እስከዚያም ሐላል በሆነ ሥራ ማንቀሳቀስ ይሻላል። ወለድ የማይነካው ሰው ዛሬ አማራጭ አለው፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ለሐጅ የተቀመጠ ገንዘብም ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ከዞረው ዘካ እንዳለበት አንርሳ። በብድር መሄድ ግን ያልተጫነን ሸክም በራስ ላይ መጫን ነው።

የእግር ሒሳብ

በሷፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰዕይ ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋፉ፣ ሚና፣ ዐረፋ፣ ጀመራት ሲጨመሩ ቀላል አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሐጅ በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ፣ የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል፤ አብዛኞቹ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሄዱ ስለነበሩ መጠለያና መጓጓዣ አልነበራቸውም። በመካከላቸውም አረጋውያንና ሕመምተኞች ነበሩ። አላህ ይማራቸው። ሐጅ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከከፋው የሙቀት ወቅት እየራቀ መሄዱ እፎይታ ነው። ቢሆንም ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር፣ የማጅራት ገትር ክትባቱን ሳይወስድ፣ ከመጅሊሱ ሕጋዊ መስመር ውጭ አይነሳ። ለማሠልጠኛም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የቦሳ ኪቶ ሰው በሳምንት ጥቂት ቀን የጅረንን አቀበት ይሞክር። ዛሬ ያቃተው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ አይቀለውም።

ጉልበቱ ጨርሶ የከዳው፣ የመዳን ተስፋ የሌለውም ሰው በሩ አልተዘጋበትም። ለራሱ ሐጅ ያደረገ ሰው በእሱ ምትክ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል።

ቤተሰብ ይመካከር

ይህ ውሳኔ የአባወራ ብቻ አይደለም። በራሷ ገንዘብ አቅም ያላት እናት ግዴታው በራሷ ላይ ነው። እሷ «መጀመሪያ አባታችሁ ይሂዱ» እያለች ድርሻዋን በልጆች ደብተርና ጫማ ስትጨርስ የምናየው ስንት ጊዜ ነው? ባልና ሚስት አብረው የሚሄዱበትን ዓመት ቢያቅዱ፣ የመሕረሙም ጉዳይ አብሮ ይፈታል።

እናንተ ወጣቶችም የምታዋጡት አላችሁ። የወላጅን ሐጅ የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ትልቅ ሠርግ፣ ዳግም ቤት፣ አዲስ ስልክ። «አባዬ፣ የእኔ ሠርግ በትንሹ ይሁን፣ እርስዎና እማዬ ሂዱ» የሚል ልጅ ትልቅ ስጦታ ሰጠ። ሱቁን ወይም ቡናውን ለአንድ ወር ተረክቦ መያዝም እንዲሁ ነው። ያ አንድ ወር ወላጅ የኋላ ኋላ በርግጥ ሲጦር ቤቱን ማን እንደሚይዝ ያሳያል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ይውጣ። በአንድ በኩል የጡረታው ዓመት ይጻፍ፤ እሱን የሚወስኑት የአገልግሎት ዘመን፣ ዕዳና ልጆች ናቸው። በሌላው በኩል የጉዞው ዓመት ይጻፍ፤ እሱን የሚወስኑት ስንቁ፣ የቤቱ ቀለብና እግሩ ናቸው። ሁለቱ ዓመታት ከተገጣጠሙ አልሐምዱሊላህ። ካልተገጣጠሙ ግን ቀድሞ የመጣውን ሌላውን እንዲጠብቅ አናስገድደው። ጡረታ በቀጠሮው ይደርሳል፤ ጉልበት ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

አላህ ለወፈቃቸው መብሩር ሐጅ፣ ለሚያስቡት ደግሞ ቀረብ ያለ ዓመት ያድርግላቸው። አሚን።