ጨውና ዓሣ ያቆሙት ወደብ

በሰሜን ጀርመን፥ ትራቬ በሚባለው ወንዝ ዳር፥ ከባልቲክ ባሕር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሉቤክ የምትባል ጥንታዊት የወደብ ከተማ አለች። በዘመኗ ነገሥታትን ያሠጋች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ያበለጸጋት ወርቅ ወይም ሐር አይደለም፤ ጨውና ዓሣ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከተማዪቱን በ1143 ዓ.ም. የቈረቈራት የሆልሽታይኑ ኮንት ዳግማዊ አዶልፍ ነው። ቦታው ውሃ የከበበው ኮረብታ ስለ ሆነ ነጋዴው ወዲያው ጐረፈ። የሳክሶኒያው መስፍን አንበሳው ሄንሪክ ግን የራሱ ገበያ ስለ ቀዘቀዘበት የሉቤክን ገበያ አዘጋ። በ1157 ደግሞ ከተማዪቱ ተቃጠለች። መስፍኑ በአቅራቢያዋ ሌላ ከተማ ቢያቆም ለትልልቅ መርከቦች የማይመች ሆነበት። በመጨረሻ ሉቤክን ከአዶልፍ ተቀብሎ በ1159 እንደ ገና አሠራት። ገበያዋን የዘጋው ሰው ዋና ደጋፊዋ ሆነ፤ የመሳፍንት ነገር እንዲህ ነው!

አንባቢ ሆይ፥ ዓሣ ይህን ያህል ለምን ተፈለገ ትል ይሆናል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያን በጾም ቀን ሥጋ አይበላም፤ ዓሣ ግን ይፈቀድለታል። ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ዛሬ የስዊድን ደቡብ በሆነው በስካኒያ ዳርቻ በብዛት ይጠመድ ነበር፤ ነገር ግን ቶሎ በጨው ካልታሸ ይበላሻል። ጨዉ የሚፈላው ደግሞ በመሀል አገር በሉነቡርግ ነው። ሉቤክ ጨዉም ዓሣዉም በገዛ ምድሯ ሳይኖር፥ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ከሁለቱም አተረፈች። በ1398 ጨዉ በጀልባ የሚመጣበት ቦይ ተቈፍሮ አለቀ።

በ1226 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ከመሳፍንት እጅ ነጻ አወጣት። ሃንዛ የተባለው የነጋዴ ከተሞች ማኅበር መሪም ሆነች፤ ከተሞቹ ከአጋሮቻቸው ጋራ ዴንማርክን ወግተው በ1370 የሽትራልሱንድን ውል አስፈረሟት።

ነጻነቱ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የከተማዪቱ ሸንጎ በትልልቅ ነጋዴዎች እጅ ስለ ነበረ የእጅ ሥራ ባለሙያ ወንበር አልነበረውም። በ1384 ሥጋ ሻጮች ያሉበት ቡድን ሸንጎውን ሊገለብጥ አድሞ ሳለ ምስጢሩ ወጣ፤ ብዙዎች በሞት ተቀጡ። ስለ ሉቤክ ክብር የሚጽፉ ሰዎች ይህን ታሪክ አንዳንድ ጊዜ በችኰላ ያልፉታል።

በ16ኛው መቶ ዓመት በስካኒያ የሚጠመደው ዓሣ አነሰ፤ የሆላንድ መርከቦችም ዴንማርክን ዞረው በቀጥታ ባልቲክ መግባት አበዙ። የሃንዛ የመጨረሻ ጉባኤ በ1669 እዚያው ሉቤክ ተደረገ፤ የተገኙት ከተሞች ጥቂት ነበሩ። የድሮዎቹ የጨው መጋዘኖች ዛሬም በትራቬ ዳር በተርታ ቆመዋል።