ሥዕሉን ማን ያንብብላቸው?

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባህ እንደ ሆነ ዓይንህ አስቀድሞ ወደ ጣራው መላእክት መሄዱ አይቀርም። ነገር ግን በግድግዳው ሥዕሎች አጠገብ ያለውንም ጽሕፈት ተመልከት። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ከሥዕሉ ጎን ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር፣ ማን ምን እንዳደረገ ባጭሩ የሚናገር የግዕዝ ቃል ይጽፉ ነበር።

ዛሬ በድረ ገጽ «አማራጭ ጽሑፍ» የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ዓይነ ስውር ሰው በኮምፒዩተርና በስልክ ሲሠራ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም አለ። መግለጫ ያልተጻፈለት ሥዕል ሲያጋጥመው ግን ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ «ሥዕል» ብሎ ብቻ ያልፋል፤ አለዚያም የፋይሉን ቁጥር ይደረድራል።

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ይህን ያስብ። መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይለጥፋል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የወጣው ዓይነ ስውር ወጣት ታዲያ የምዝገባውን ቀን ካለፈ በኋላ ከጎረቤት ሊሰማ ነውን? አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ፣ መረጃም እንደ መንገድና እንደ ሕንፃ ሁሉ ለእነርሱ ክፍት እንዲሆን ያዛል። የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ1991 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞታል።

ሥራውስ ከባድ ነውን? አይደለም። ድረ ገጽ በሚዘጋጅበት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በዎርድፕሬስ፣ ሥዕል ስታስገባ ለአማራጭ ጽሑፍ የተተወ ቦታ ታገኛለህ። በዚያ «ፎቶ 1» ብለህ አትጻፍ። «የፋሲል ግንብ» ማለትም ሁልጊዜ አይበቃም፤ ወሬው ስለ እድሳት ከሆነ «ለእድሳት ርብራብ የቆመለት የፋሲል ግንብ» በል። ፕሮግራሙ ራሱ ሥዕል መሆኑን ስለሚናገር «ይህ ሥዕል» እያልህ አትጀምር። ለጌጥ ብቻ የገባ ሐረግ ከሆነ ቦታውን ባዶ ተወው። ማስታወቂያ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሙሉ ቃሉን በገጹ ላይ በፊደል ጻፈው፤ ባለማኅተሙ ፎቶግራፍ ተጨማሪ ይሁን።

በአገራችን የቅኔና የዜማ ጉባኤ ቤቶች ዓይናቸውን ያጡ ሊቃውንት በቃል ተምረው በቃል አስተምረዋል። ዕውቀት በጆሮ እንደሚገባ ለምናውቅ ለእኛ አንዲት መስመር መጻፍ ሊከብደን አይገባም። ስለዚህ አንተ የቢሮ ጸሐፊ፣ አንቺም ተማሪ፣ ነገ ፎቶግራፍ ከመለጠፋችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍኑና «ምን ተረፈኝ?» ብላችሁ ጠይቁ።